በስድስት ኮሌታ ላይ የሰፋሁት ስም

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደባርቅ፣ ወደ ገበያው መውረጃ ላይ አንዲት ሱቅ አለችኝ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ለሙሽራ ኮት እቆርጣለሁ። በዚህ ሥራ ብዙ ጨርቅ አበላሽቻለሁ፤ ጨርቅ ግን ቢበላሽ ይተካል፣ ባለቤቱም ቢቆጣ ቆይቶ ይታረቃል። ከሁሉ የከፋውን ጥፋት ያጠፋሁት በገዛ ልጄ ስድስት ሸሚዞች ኮሌታ ላይ ነው። ያን ቀን ደግሞ ስፌቱ አምሮልኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም። እንደ ልጄ ያለ ልጅ ኖሯችሁ ለሌላ ሰው እጅ ልትሰጡት የተዘጋጃችሁ ወላጆች ካላችሁ፣ እኔ የሠራሁትን እንዳትሠሩ ነው። ልጅን ለማሳደሪያ ቤት መስጠት ኃጢአት ነው አልልም። ኃጢአቱ ያለው አሰጣጡ ላይ ነው።

ልጄ ምስጋናው ይባላል። የተወለደው ታላቅ እህቱ ትርንጎ አሥር ዓመት ሲሆናት ነው። በመሀል ሁለት ሕፃናት ሞተውብን ስለነበር ስሙን ያወጣችለት እናቱ እናኑ ናት፤ ስትጠራው ምስጌ ትለዋለች። በጊዜው ድኾ በጊዜው ቆመ። ሁለት ዓመት ሞልቶት አፉን አለመፍታቱን ስናይ እንኳ አልደነገጥንም፤ ወንድ ልጅ ይዘገያል ተባለ፣ እኛም አልን። የጎረቤት ልጆች አቧራ ላይ ሲራኮቱ እሱ ሱቄ ውስጥ ከስፌት መኪናው ሥር ተቀምጦ መዘውሩ ሲዞር ይመለከት ነበር። ክሩ ያለቀበትን የክር እንጨት ስሰጠው ሲሚንቶው ላይ እያሾረ ግማሽ ቀን ይውላል። ሰው አያስቸግርም፣ ጨዋ ልጅ ነው እያልኩ ለደንበኞቼ አሞግሰው ነበር። ልጁ አንድም ቀን ፊቴን አይቶ እንዳልሳቀ ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው።

አንድ ነገር ግን ነበረን። ማታ ሱቅ ዘግቼ ቤት ስገባ እየሮጠ ይመጣና ፊቴን ሳያይ እጁን የኮቴ ቀኝ ኪስ ውስጥ ይከታል። እዚያ የክር እንጨት አለ፤ ሁልጊዜ አስቀምጥለታለሁ። ያን ይዞ ይሄዳል። ሌላው አባት ልጁ አንገቱ ላይ ሲጠመጠምበት የሚሰማው ነገር እኔን የሚሰማኝ በዚያች ኪስ በኩል ነበር።

ከዚያ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት መንከራተት መጣ። መጀመሪያ እንጥሉ ነው ተባለና አንድ ሽማግሌ ጋ ወስደን አስቆረጥነው፤ ሳምንት ሙሉ ምግብ አልዋጥ አለው እንጂ ቃል አልወጣውም። ጤና ጣቢያ የትል መድኃኒት ሰጡን። አንድ ክሊኒክ ቶንሲል ነው ብሎ መርፌ ወጋው። ጎረቤት ዓይን ነው አለን፤ ጠበል ወስደን ሁለት ሳምንት ሰነበትን። ውኃው ሲወርድበት የሚጮኸውን ጩኸት ያሰማው ርኩስ መንፈስ ነው ሲሉኝ አመንኩ። ያመንኩትም መንፈስ ከሆነ ይወጣል ብዬ ነው። አሁን እንደማውቀው ጩኸቱ የልጄ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነገር በድንገት ሲነካው ዛሬም እንዲያ ይጮኻል።

በመጨረሻ ጆሮው አይሰማም ተብሎ ወደ ጎንደር ተላክን። እኔ እንደሚሰማ አውቃለሁ፤ ክር ሲበጠስ እንኳ ቀና ይላል። ቢሆንም ሄድን። የሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ከጧት ጀምረን ተሰልፈን ዋልን። ስም በተጠራ ቁጥር፣ በር በተንጓጓ ቁጥር ምስጋናው ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ራሱን ከግድግዳው ያጋጫል። ሰው ሁሉ ያየናል። አንዱ «አባቱ ቢገርፈው ኖሮ» ሲል ሰማሁት። ከወገራ የመጣች፣ ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ከፊታችን ነበረች። ምንም ሳትጠይቀኝ ካርዷን ከእጄ ካርድ ጋር ለወጠችና «እኔ እቆያለሁ፣ ጋሼ። የኔው ተኝቷል» አለችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

ጆሮው ሲመረመር ደኅና ሆነ። ከዚያ ወደ አንዲት ወጣት ሐኪም ወሰዱን። ወንበሯን ትታ መሬት ላይ ከልጁ አጠገብ ተቀመጠች፤ እስክሪብቶዋን ሰጠችው፣ አሾረው፤ ዝም ብላ ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ለእኔና ለእናኑ ቀስ ብላ አስረዳችን። «ኦቲዝም ይባላል» አለች። «ይሰማል፣ ያያል፤ የሚሰማውንና የሚያየውን ግን አእምሮው የሚያደራጀው እንደ ሌላው ልጅ አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እናንተም ያጠፋችሁት ነገር የለም።»

እናኑ «መድኃኒቱስ?» አለቻት።

«የሚዋጥ የለውም፣ እናቴ። ትምህርትና ትዕግሥት ነው። የሚወደውን፣ የሚያስደነግጠውን እወቁለት። በስሙ ጥሩት፤ ሁልጊዜ በዚያው ስም፣ በዚያው ድምፅ። አንድ ቀን ይዞርላችኋል።»

ጆሮው ደኅና መሆኑና የበሽታው ስም በአንድ ወረቀት ላይ ተጻፈልን። ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ከትርንጎ የትምህርት ካርድ ጋር አስቀመጥኩት። ሐኪሟ ያለችው አልቀረም፤ እናኑ ምስጌ እያለች፣ እኔ ምስጋናው እያልኩ ሁለት ዓመት ከጠራነው በኋላ ስሙን ሲሰማ እጁ ያለበት ላይ ይቆም ጀመር። ቆይቶ ተነሥቶም መምጣት ጀመረ። ያን ዕለት እናኑ እልል አለች።

ችግሩ እያደገ ሲሄድ መጣ። የሚዞር ነገር ይወዳል አላልኳችሁም? አስፋልቱ ገና ሳይሠራ በጎንደር መንገድ አቧራ እያስነሡ የሚያልፉትን የጭነት መኪናዎች ጎማ ሊያይ መንገድ ላይ ይገባ ጀመር። አንዴ ሾፌሩ ፍሬን ይዞ ለጥቂት አተረፈው፤ ልጄ ደግሞ የቆመውን ጎማ በእጁ ሊያዞር ይታገላል። እናኑ ከቤት መውጣት አቆመች። ገበያ አትሄድ፣ ለቅሶ አትደርስ፣ ቤተ ክርስቲያን አትስም። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው እሷ ከሰውነት ተራ ወጥታ ነበር። ያኔ ነው ዳባት ዳር ላይ እንደነዚህ ያሉ ልጆች እያደሩ የሚማሩበት ቤት ተከፍቷል ሲባል የሰማነው። እናኑ አልቅሳ አልቅሳ እሺ አለች። እስከዚህ ድረስ ማንም ወላጅ የሚያደርገውን ነው ያደረግነው።

በዚያው ሰሞን ለትርንጎ ጠያቂ መጣ። ልጁ አስተማሪ ነው፤ ቤተሰቦቹ የዳባት ሰዎች ናቸው። ሽማግሌ ሆነው የመጡት አጎቱ አያ ምሕረቴ ናቸው፤ ረጅም፣ ቁጥብ፣ ቃል ሲናገሩ የሚመዝኑ ሰው። በእኛ አገር ልጅ ከመስጠትና ከመቀበል በፊት ዘር ይጣራል፤ የሚጥል አለ ወይ፣ የሚያሳብድ አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ይህን ስለማውቅ እናኑንና ምስጋናውን ከጧት ጀምሮ እህቷ ቤት ልኬአቸው ነበር።

አያ ምሕረቴ «ቤታችሁን ጠይቀናል፣ ጥሩ ቤት ነው ብለውናል» አሉ። «ልጆችህ ስንት ናቸው፣ ጌትነት?»

«አንዲት ናት፣ አያ። ትርንጎ ብቻ» አልኳቸው።

አፌ ነው የተናገረው ብዬ ራሴን ላታልል እችል ነበር፤ ግን ከማታው ጀምሮ አስቤበት ነበር። አንዴ አንዲት ናት ካልኩ በኋላ ምስጋናው ጌትነት የሚባል ልጅ ዳባት ላይ መገኘት የለበትም። ሌላ እንዲህ ያለ ቤት ደግሞ በአካባቢው የለም። ስለዚህ ሌላ ስም ፈለግሁለት፤ ሩቅም አልሄድኩም። የክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል ነው። ያን ስም ከእኛ፣ ከቄሱና ከክርስትና አባቱ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ሰፈር አይጠራበትም፣ እናቱም አትጠራውም፤ ለቁርባንና ለፍትሐት የተቀመጠ ስም ነው። ውሸት እንኳ አይደለም፣ የራሱ ስም ነው አልኩ። ሱሪ የምሰፋለት አንድ ጸሐፊ «የእህቱ ልጅ ነው፣ እናት አባቱ የሉም» ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ።

ቤቱ የልጆቹ ልብስ እንዳይቀላቀል ስማቸው ይሰፋበት ብሎ ነበር። ስድስት ሸሚዝ ከአዲስ ጨርቅ ሰፋሁለት፤ ኮሌታው ውስጥ በሰማያዊ ክር በመርፌ ስሙን ጻፍኩ። እናኑ ፊደል አልቆጠረችም። አጠገቤ ተቀምጣ ክር ታቀብለኛለች።

«ይቺ ናት ምስጋናው የምትለው?» አለችና ጣቷን ፊደሎቹ ላይ አሳለፈች።

«አዎ» አልኳት።

«አሳምረህ ጻፍለት እንግዲህ። ሰዎቹ አጣርተው እንዲጠሩት።»

አሳምሬ ጻፍኩ።

ጥቅምት ላይ ወሰድኩት። የተቀበለችን እትዬ ዘውዴ የምትባል ሞግዚት ናት፤ ልጆቹ አዳሪ ስለሆኑ እሷም እዚያው ታድራለች። ደብተር ይዛ ጠየቀችኝ። ምን ይበላል? ምን ይወዳል? ሲረበሽ ምን ያረጋጋዋል? ከዚህ በፊት ተመርምሯል? ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ቅቅል ድንች ራሱ ልጦ ካልሆነ አይበላም። የክር እንጨት ሲይዝ ይረጋጋል። የጎንደሩ ወረቀት ሣጥን ውስጥ አለ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ምስጋናው ጌትነት ይላል። አጎት ደግሞ ይህን ሁሉ አያውቅም።

«እኔ አጎቱ ነኝ፤ ብዙም አላውቅ» አልኳት። «ምርመራም አልተደረገለትም።»

እትዬ ዘውዴ ባዶውን ደብተር አየችው። «ስሙን ማወቄም አንድ ነገር ነው። ና ወልዴ» ብላ እጁን ያዘችው። አላለቀሰም። ግቢው ውስጥ የተገለበጠ የእጅ ጋሪ ነበር፤ ጎማውን ያይ ነበር። አለማልቀሱን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ ወጣሁ።

ሐሳቤ ሠርጉ እስኪያልፍ ብቻ ነበር። ትርንጎ ጥር ላይ ተዳረች፤ ጨፈርኩ። ከዚያ አረገዘች፣ ትውለድ አልኩ። ወለደች፤ የሕፃኑ ክርስትና ይለፍ አልኩ። እናኑ ልሂድና ልየው ስትለኝ ካየሽው ታለቅሻለሽ፣ ካለቀስሽ ይታወቃል እላታለሁ። ሁለት ጊዜ ሳሙናና ካልሲ ለዘበኛው ሰጥቼ ከበር ተመለስኩ። ማታ ማታ «ስሙን ሲጠሩት ይዞራል?» ትለኛለች። «ይዞራል» እላታለሁ። ቆይታ መጠየቁንም ተወችው፤ ከእኔ ጋርም እህል ቅረብ ከማለት ያለፈ ነገር አትነጋገርም ነበር። የሚተኛበትን ቦታ ግን በየቀኑ ታነጥፈዋለች።

ጨርቅ ለመግዛት በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ሐሙስ ጎንደር እወርዳለሁ። አውቶቡሱ ዳባት ላይ ይቆማል። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ይላል። ከመስኮቱ የቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ይታየኛል፤ አንዳንዴም ግቢ ውስጥ የተሰጣ ልብስ አያለሁ። ከደባርቅ የተሳፈረ የሚያውቀኝ ሰው አይጠፋም፤ ስለዚህ ጋቢዬን ተከናንቤ የተኛሁ እመስላለሁ። ከታመምኩ የታመምኩት ያኔ ነው። ሆዴን ያመኝ ነበር፤ ታይፎይድ ነው፣ ጨጓራ ነው እየተባልኩ ክኒን ዋጥኩ። ዳባትን ስናልፍ የሚነሣ ጨጓራ ግን የትም የለም።

ሄዶ ሄዶ ጥር ላይ፣ ልጁ ከገባ ዓመት ከሦስት ወር ሲሆነው፣ ከጎረቤቴ ሱቅ ስልክ ተደወለ። ባለሱቁ «ወልደ ገብርኤል የሚባል ማን አለህ? አጎቱ በአስቸኳይ ይምጣ ይላሉ» አለኝ። በማግስቱ ሄድኩ።

ግቢው በረንዳ ላይ ያየሁት የመጀመሪያ ሰው አያ ምሕረቴ ነበሩ። ለቤቱ ድንች ያቀርቡ ኖሯል፤ ጆንያቸውን አስረክበው ደረሰኝ ይጠብቃሉ።

«አንተ ጌትነት! ምን እግር ጣለህ?»

«ለልጆቹ ዩኒፎርም ልስፋ ብዬ ነው፣ አያ» አልኳቸው። ፈጠን ብዬ ወደ ቢሮው ገባሁ።

ቢሮው ውስጥ ኃላፊውና ልጆቹን በየጊዜው የሚያይ ጤና መኮንን ተቀምጠዋል፤ እትዬ ዘውዴ በሩን ተደግፋ ቆማለች። በሩ ክፍት ነው፤ አያ ምሕረቴ ከውጭ ይታዩኛል።

ጤና መኮንኑ ወረቀት እያየ አስረዳኝ። ልጁ ከስቷል። ስሙን ሲጠሩት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልዞረም። ስለዚህ አይሰማም ብለው ደምድመዋል፤ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የሚሆን ቤት ከጎንደር አልፎ ሩቅ ከተማ ላይ ተገኝቶለታል። በሳምንቱ ይወሰዳል። ከአጎቱ የሚፈለገው ፊርማ ብቻ ነው።

እትዬ ዘውዴ «እኔ ይሰማል እላለሁ» አለች። «የድስት ክዳን ሲነካ ይነሣል። የእኔን ድምፅ ነው የማይሰማው።»

«ስሙን የማይሰማ ልጅ ምኑን ይሰማል?» አለ ጤና መኮንኑ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። እስክሪብቶውን ሰጠኝ።

ወረቀቱ ላይ ወልደ ገብርኤል ይላል። ከፈረምኩ ልጄ በማያውቀው ስም፣ ማንም በማያውቀው አገር ይቀራል። እናቱ ብትፈልገው በምን ስም ትጠይቃለች? ካልፈረምኩ ደግሞ ለምን እንደማልፈርም መናገር አለብኝ፤ በረንዳው ላይ ያሉት ሰውዬ ይሰማሉ፤ አራስ ልጄ ያለችው እሳቸው ቤተሰብ ውስጥ ነው።

«የት ነው ያለው?» አልኩ።

እትዬ ዘውዴ በመስኮቱ አሳየችኝ። ግድግዳ ሥር ቁጭ ብሎ አንዲት ጠጠር ያሾራል፤ ጠጠር አልሾር ይላል፣ እንደገና ይሞክራል። የለበሰው እኔ የሰፋሁትን ሸሚዝ ነው፤ እጅጌው አጥሮታል። ወጥቼ በሩቅ ቆምኩና ጠራሁት።

«ምስጋናው!»

እጁ ቆመ። ጤና መኮንኑ ከኋላዬ መጥቶ ነበር። ደግሜ ጠራሁት። ልጄ ተነሣና መጣ። ፊቴን አላየም። እጁን ኮቴ ቀኝ ኪስ ውስጥ ከተተ።

ኪሴ ባዶ ነበር። አጎት ሆኜ ነው የመጣሁት፤ አጎት የክር እንጨት ይዞ አይመጣም። ውስጡን ዳሰሰ፣ ጥጉ ድረስ ሄደ። ከዚያ ግራውን ኪስ ፈተሸ። ከዚያ እጁን አወጣና ወደ ጠጠሩ ተመለሰ።

«አባቱ ነኝ» አልኩ። ድምፄ የት ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም። «ልጁ ምስጋናው ነው የሚባለው። እኔ ጌትነት አባቱ ነኝ። ወልደ ገብርኤል የክርስትና ስሙ ነው፤ ተጠርቶበት አያውቅም።»

መጀመሪያ የተናገረችው እትዬ ዘውዴ ናት። «ዓመት ሙሉ» አለች፣ «ዓመት ሙሉ እኮ ራሴን ነው የጠረጠርኩ! አጠራሬ ይሆን፣ ፊቴ ይሆን የሚያስፈራው እያልኩ። በማታውቀው ስም ሌት ተቀን ብትጠራ አንተ ትዞር ነበር?» ከእርስዎ ወደ አንተ መውረዷ ልክ ነበር። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አያ ምሕረቴን ዞሬ ስፈልጋቸው ደረሰኛቸውን ሳይወስዱ ሄደዋል።

ወረቀቱ አልተፈረመም። የጎንደሩን የምርመራ ወረቀት እንዳመጣ ተነገረኝ፤ ኃላፊው ደግሞ በሚገባኝ ቃል ተቆጡኝ። እኔ ግን በቀጥታ ወደ ትርንጎ ቤት ሄድኩ፤ ዳባት ውስጥ ነው፣ በእግር ትንሽ ነው። አያ ምሕረቴ ሳይቀድሙኝ ከአፌ ትስማው ብዬ ነው። ልጇን ታጠባለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ትዳርሽን አፍርሼ ይሆናል፣ ይቅር በይኝ አልኳት።

ትርንጎ ልጇን ከጡቷ አላቀቀች። «አባ፣ እኔ እኮ ከሠርጉ በፊት ለባሌ ነግሬዋለሁ» አለችኝ። «ወንድም አለኝ፣ አይናገርም፣ ጎማ ይወዳል አልኩት። 'ታዲያ ሠርጉ ላይ ለምን አይገኝም?' ነው ያለኝ። እኔ ያመማችሁን ነገር ላለመነካካት ዝም አልኩ። የት እንዳለ ስጠይቅ እናቴ ታለቅሳለች፣ አንተ ጎንደር ነው ትለኛለህ። እዚህ? እዚሁ ዳባት ነው የነበረው?»

ከእሷ ቤት እስከዚያ ግቢ ልብስ ታጥቦ እስኪሰጣ ድረስ አያስኬድም። ልጄን የደበቅሁት ከሚያውቅ ሰው ነበር። ያ ዓመት ለምንም አልነበረም።

ከሁሉ የከበደኝ ለእናኑ መንገር ነው። የለበሰውን ሳይቀር ከዳባት ያመጣኋቸውን ሸሚዞች ፊት ለፊቷ ዘርግቼ ኮሌታው ላይ ያለው ስም የትኛው እንደሆነ ነገርኳት። አልጮኸችም። ጣቷን እንደዚያን ቀን ፊደሎቹ ላይ አሳለፈች።

«ይህ እኮ ሲሞት የሚፈታበት ስም ነው፣ ጌትነት» አለችኝ። «ቆሞ የሚሄደውን ልጄን በመቃብር ስሙ ሰጠኸው?» ከዚያ ምላጭ አምጥታ እጄ ላይ አደረገች። «ተርትረው።»

ስድስቱንም ተረተርኩ። የተረተርኩትን ክር እሷ እየለቀመች በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። መርፌው የገባበት ቀዳዳ በካውያ ቢተኮስም አይጠፋም፤ ጨርቁን ወደ ብርሃን ብታነሡት የድሮው ስም ይነበባል። አዲሱን በላዩ ሰፋሁት፣ የአባቱንም ስም ጨመርኩ። እናኑ እስክጨርስ ድረስ ከእጄ ዓይኗን አልነቀለችም። ከዚያ አራስ ትርንጎ ጋ ወርዳ ፊደል እንድታስቆጥራት ጠየቀቻት፤ ከእኔ ጋር ዳግም እንዲህ ያለ ነገር በእምነት አትሠራም።

ልጁን ከቤቱ አላወጣነውም። እትዬ ዘውዴ ሳህን እስኪቀርብ መጠበቅን፣ መንገድ ሲያቋርጡ እጅ መያዝን አስተምራዋለች፤ ስሙን ካወቀች በኋላ ደግሞ ብዙ ተማረ። አያ ምሕረቴን በወሩ አገኘኋቸው። «የታመመ ልጅ ማንም ቤት አለ» አሉኝ። «እኔን የከፋኝ ስንት ናቸው ስልህ ያልቆጠርከው ነው።» ሌላ አላሉም። ግን ቤቱ በገዛው ድንች ላይ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ድንች በፌስታል ለይተው የምስጋናው ነው እያሉ እንደሚሰጡ እትዬ ዘውዴ ነገረችኝ።

እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁን ስትሰጡ ሁሉንም ስጡ። ቤት የሚጠራበትን ስም፣ የሚበላውን፣ የሚፈራውን፣ የሚያረጋጋውን። የተመረመረበትን ወረቀት ሁሉ። ልጁ መናገር የማይችል ከሆነ ከእናንተ ሌላ የሚናገርለት የለም፤ ለልጄ የነበረው የእኔ ምላስ ብቻ ነው፣ የዋሸሁትም በእሱው ነው።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ዳባት ላይ እወርድ ጀመር። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል «አለ፣ ልጄን ላየው ነው» እላለሁ፤ የሚሰማ ይስማ። በመጀመሪያው ሐሙስ የክር እንጨቱን ቀኝ ኪሴ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። ጠራሁት፣ እጁ ቆመ፤ ግን አልመጣም። አንዴ ፈትሾ ባዶ ያገኘውን ኪስ ድጋሚ አይፈትሽም። አውጥቼ ልሰጠው ስል እትዬ ዘውዴ «ተወው፣ እሱ ይምጣ» አለችኝ። አብራኝ የምትመጣው እናኑ ስትጠራው እየሄደ ጭኗ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ እኔ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ኪሴን ወደ እሱ አዙሬ እውላለሁ። ማታ እንጨቱን ይዤ እመለሳለሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ሐሙስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በጎን በጎን እየተጠጋ መጣ። ብዙ ቆመ። ከዚያ እጁ ገባ፤ ውስጡን ዳሰሰና አገኘው። ይዞት አልሄደም፤ እግሬ ሥር ቁጭ ብሎ ሲሚንቶው ላይ አሾረው።

አሥራ አንድ ሐሙስ ብቻ ነው ያስጠበቀኝ። እኔ ዓመት ከሦስት ወር አስጠብቄዋለሁ።